ጤነኛ ነው ይላል ቴስተሩ

ማክሰኞ በጠዋት፣ ኸል ከተማ ላይ፣ ዝናብ ሲመታ ደጅ፣
ሄድሊ ጋርበት መጣ፣ የድሮ ዓሣ አጥማጅ።
አምፕሊፋየሩን በሕፃን ጋሪ ጭኖ፣
በገዛ ካፖርቱ ከላይ እስከ ታች ሸፍኖ፣
እሱ ራሱ ረጥቦ፣
«ታሟል» አለኝ፣ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርቦ።

«ምኑን ነው የሚያመው?» ብዬ ብጠይቅም፣
«ድምፁን» ብሎ ቆመ። ሌላ ቃል አልጨመረም።
ሰሜን ባሕር ላይ አርባ ዓመት የኖረ ሰው ቃል አያባክንም።

ኋላ ግን ጣቶቹን አሻሸ፤
«ድሮ ያጉረመርም ነበር። አሁን ተበላሸ።
ውሃ ያነሰው ማንቆርቆሪያ፣ እሱን ነው የሚመስለው፤
ጥርስ እንጂ ደረት የለው።»

መጀመሪያ ገመዱ፤ ግማሹ በሽታ ከገመድ ነው፤
ቀየርኩት። ያው ነው።
ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ፣
ጀርባውን ገለጥኩና ውስጡን አጎንብሼ አየሁ፤
አንድ እጄ በኪሴ። የአስተማሪዬ የስኬልተን ነው ሕጉ፤
«ነቅለሽው እንኳ ይነክሳል፤ ካፓሲተሩ አለ ከጥጉ።»

ቫልቮቹን አበራሁ። ብርቱካናማ ፍም፤
አንዱም አልሰነፈም።
በእርሳስ ጫፍ ደረታቸውን አንድ በአንድ አንኳኳሁ፤
የሚያቃስት፣ የሚያፏጭ ይኖር ይሆን? ጠበቅሁ።
የፊተኛውን በሌላ ለወጥኩት፣ ሁለተኛውንም፤
ያው ጥርስ። ደረት የለውም።

ቴስተሩን ዘረጋሁ። ቀዩን ሽቦ እዚህ፣ ጥቁሩን ከሆዱ፤
አኖዱ ልክ ነው። ግሪዱ ልክ ነው። ልክ ነው ካቶዱ።
የስፒከሩ ወረቀት ደህና፤ ካፓሲተሩ አዲስ፤
ብየዳው የሚያበራ፣ እንደ ሙሽራ ጥርስ።

አዲስ?
ሳልዳቶሬዬን ወደ ማቀፊያው መለስኩ።
«ማነው የነካው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ዝም አለ። ባርኔጣውን በጣቱ አዞረ፤
የጨረሰ መስሎኝ፣ ገና ሊጀምር ነበረ።
«የልጄ ባል ነው። ደግ ልጅ። ለሰባኛ ዓመቴ ሊድስ ልኮ አሳደሰው፣ ብዙ ገንዘብ ከሰከሰ፤
ሪባን ታስሮ መጣልኝ። አቅፌ ሳምኩት፤ እንባዬም ፈሰሰ።
ታዲያ እንዴት ልንገረው? በየዓርቡ ክለቡ ውስጥ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፤
እያጨበጨበ፣ ‹እንዴት ጠራ!› ይላል።»

እውነቱን ነው፤ ጠርቷል።
ጭቃው ወጥቶለት፣ ወንዙም አብሮ ወጥቷል።

የሊድሱ ጠጋኝ ግን ሐቀኛ ሰው ኖሯል፤
ያወጣውን ሁሉ በከረጢት ቋጥሮ ከሳጥኑ ግርጌ አጣብቋል።
ዘርግፌ ለካሁ። አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ያፈሳሉ፤
ብመልሳቸው ቫልቩን ያቃጥላሉ።
አንድ ሬዚስተር ግን፣ ቡናማ፣ ልብሱ ላይ «መቶ ሺ» እያለ፣
ሆዱ መቶ ሰባ ሺ፤ በአርባ ዓመት ሙቀት፣ በክለብ ሲጋራ ጭስ፣ ከስሙ የኮበለለ።
አንድ ካፓሲተርም፣ ሰሙ ቢሰነጠቅ ያልሞተ፤
እንደ ሰነፍ በረኛ፣ ለወፍራሙ ድምፅ በሩን የከፈተ።

በሕጉ፣ ስህተት ናቸው።
ስኬልተን ቢያየኝ ይቆጣል። በየድኳቸው።

ጋርበት ጊታሩን ሰካ።
ወፍራሙን ክር ነካ።
መስኮቱ ሥር የሻይ ኩባያዬ ተንቀጠቀጠ፤
መልሕቅ ከጭቃ ሲነቀል እንደሚያቃስት፣ አንድ ነገር ወፍሮ፣ ሻክሮ፣ በክፍሉ ተገላበጠ።
አንዴ ብቻ። ከዚያ አጠፋው።
ለረጅም ጊዜ እጁን ከሳጥኑ ላይ አላነሳው።

«የልጄ ባል ከጠየቀሽ፣
አቧራ ነው የጠረግሽ።»
ደረሰኙ ላይ ጻፍኩ፤ አቧራ ተጠርጓል፤
አንድ ቫልቮላ ተቀይሯል።
ንጹሖቹን እቃዎች፣ ልክ የሆኑትን፣ በዚያው ከረጢት ቋጥሬ፣
ከሳጥኑ ግርጌ መለስኩ። የነገን ጆሮ ማን ያውቃል ዛሬ።

ጋሪውን እየገፋ ወጣ። ዝናቡ አላባራም ገና፤
ካፖርቱ አሁንም ከአምፕሊፋየሩ ላይ ነው፤ እሱን ማን ጠየቀው ስለ ጤና።